ዝም ብሎ የመቀመጥ ሥራ

ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ የደብረ ብርሃን ሰው አንድ ጥያቄ አለው። ከኋላዬ ይቀመጥና በመስታወቱ አተኩሮ ያየኛል፤ ከዚያ «አንቺ የእብድ ሐኪሟ አይደለሽም እንዴ?» ይለኛል። ሐኪም አልነበርኩም። እብድ የሚለውንም ቃል አልወደውም፤ ግን በሥራ ሰዓት ባጃጅ አቁሜ ስለ ቃል አላስተምርም። «ነበርኩ» ብዬ አልፋለሁ። «ታዲያ ለምን ተውሽው?» ሲሉኝ «ፕሮጀክቱ አለቀ» እላለሁ። እውነቱም ይኸው ነው፤ አለቀ፣ ተበተንን፣ እኔም ባጃጅ ያዝኩ።

ባለፈው ወር ግን ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጡ። ሽኝቱ ላይ ተናገሪ ተብዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ቁጭ አልኩ። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራውን ያገኘሁት ስፈልገው አልነበረም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ እናቴን ሳበሳጭ ሰንብቼ አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። የአእምሮ ሕሙማንን ቤት ለቤት እየሄደ የሚያግዝ ሰው ይፈለጋል፤ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ የሚችል። ስለ አእምሮ ሕመም የማውቀው ነገር አልነበረም። መሄድ ግን እችላለሁ፤ የማልችለው መቀመጥ ነው። ሥራው ዞሮ ዞሮ መቀመጥ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

አጭር ሥልጠና ሰጡን፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። አበሉ ይዘገይ ነበር፣ ቅጹ ይበዛ ነበር፤ ይሄን የትም የሠራ ሰው ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ያልገባኝን ግማሽ ያስገቡኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ የአእምሮ ጤና ነርስ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የካፖርታቸው የቀኝ ኪስ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ ያለበት ሰው። መጀመሪያ ቀን አብሬያቸው አንድ ታማሚ ቤት ገባሁና ልጁን በጥያቄ አጣደፍኩት። እንዴት አደርክ፣ በላህ ወይ፣ መድኃኒቱን ወሰድክ ወይ፣ ለምን ውጭ አትወጣም፣ ጓደኛ የለህም ወይ። ልጁ መሬት መሬቱን ያያል። ስንወጣ ጋሽ ደምሴ ጠየቁኝ።

«ስንት ነገር ጠየቅሽው?»

«እኔ እንጃ፣ ብዙ።»

«እሱስ ስንቱን መለሰ?»

«አንዱንም።»

«እንዴት ይመልስ? የመጀመሪያውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሌላ ትጭኚበታለሽ።» ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «አንድ ነገር ጠይቂ። ከዚያ ቆሎ አፍሽ ውስጥ ጨምሪ። በደንብ አላምጪ። እሱ እስኪመልስ አፍሽን ሥራ አስይዢው።»

እሳቸው ራሳቸው እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። አንድ ጥያቄ ይጠይቁና ቆሏቸውን ማላመጥ ይጀምራሉ፣ ፊታቸው ላይ ጥድፊያ የለም፣ ትዕዛዝ የለም። ለካ መልስ ከዚያ ሰው ዘንድ ሩቅ አገር አቋርጦ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ መልሱ ካልደረሰ በቀር በመንገድ ላይ መሆኑ አይታየኝም ነበር።

ሕመሙን የሚያስረዱበት መንገድም ነበራቸው። «ስኪዞፍሬኒያ የሚያመጣው ነገር አለ፣ የሚወስደው ነገር አለ» ይላሉ። የሚያመጣው የሌለ ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ያሳድደኛል ማለት ነው። የሚወስደው ደግሞ ፍላጎትን፣ ወሬን፣ ከአልጋ መነሳትን፣ ፊት ላይ የሚታይ ሳቅን ነው። መድኃኒቱ የመጣውን ብዙ ጊዜ ያስወጣል። የተወሰደውን ግን እምብዛም አይመልስም። ቤተሰቡ ድምፁ ሲጠፋ ዳነ ይልና ሰውየው ከመደብ አለመነሳቱን ሲያይ ሰነፍ ይለዋል። እኛ የተቀጠርነው ለዚህ ነበር፤ የተወሰደውን ጥቂት በጥቂት ለማስመለስ።

ጥቂት በጥቂት ስል የምሬን ነው። «ፊትህን ታጠብ» ማለት ለእኛ አንድ ነገር ነው። ለእነሱ መነሳት አለ፣ በሩ ድረስ መሄድ አለ፣ ጀሪካኑን ማዘንበል አለ። አንዱን ብቻ እንይዛለን። ሲያደርገው ጋሽ ደምሴ «ጎበዝ» አይሉም። «ለሕፃን ነው ጎበዝ የሚባለው። ያደረገውን ንገሪው» ይላሉ። ስለዚህ «ውሃውን አንተ ቀዳኸው» እንላለን። ደግሞ ከማድረጉ በፊት ደስ ይልህ ይሆን ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱ ሁልጊዜ «አይለኝም» ነው። ካደረገው በኋላ እንደገና እንጠይቃለን። «ደህና ነበር» ካለ፣ ጋሽ ደምሴ በሚቀጥለው ጊዜ ቀስ ብለው ያነሱለታል፦ «ያን ዕለትም አይለኝም ብለህ ነበር። ከዚያ ደህና ነበር አልክ።» ሕመሙ ምንም ነገር አያስደስትህም እያለ ይዋሸዋል፤ እኛ የራሱን ምስክርነት እናስታውሰዋለን።

አስተባባሪያችን አቶ መኮንን ይህን ሁሉ አይወዱም ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችኩል ናቸው። ስንት ቤት ገባችሁ፣ ስንቱ ተሻለው ነው ጥያቄያቸው። ጠባያቸው ከእኔ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙም አልፈርድባቸውም።

አሁን ስለ ከድር።

ከድር ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ የገባ ገበሬ ነበር። ሕመሙ ከመፈናቀሉ በፊት የጀመረው ነው። መድኃኒት ይወስዳል፣ ድምፁ ጠፍቷል፣ ግን ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ይውላል። ሚስቱ ዘሐራ ውሃ ትቀዳለች፣ ልጆቹን ትይዛለች፣ የሰው ልብስ ታጥባለች። ከእሱ ጋር ሠራን። መጀመሪያ ተነስቶ ደጅ መቀመጥ። ከዚያ ፊቱን መታጠብ። ከዚያ ከዘሐራ ጋር ውሃ ወረፋ መሄድ። በመጨረሻም ጁምዓ መስጊድ መድረስ። ያልነውን ሁሉ አደረገ። አንድም ነገር እምቢ አላለም። አቶ መኮንን ደስ አላቸው፣ እኔም በጣም ደስ አለኝ፣ ጋሽ ደምሴም ተስማሙና ጉብኝታችንን አራራቅነው።

ከቆይታ በኋላ ሳንናገር ስንሄድ ከድር መጀመሪያ ያገኘነው ቦታ ተኝቷል። ያው ምንጣፍ፣ ያው ጋቢ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ዘሐራ እኛንም እሱንም እንዳታስከፋ ስትጨነቅ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። «ወላሂ፣ መቼም ቢሆን እንዲሁ ነው። እናንተ የምትመጡበት ቀን ሲደርስ ይነሳል። ስትሄዱ ይተኛል። እንግዳ ያከብራል እኮ፤ አገራችን ሳለንም እንግዳ አያሳፍርም ነበር። ደክማችሁ መጥታችሁ እንዴት እምቢ ይበላችሁ?»

ጋሽ ደምሴ መሬቱ ላይ ከከድር አጠገብ ተቀመጡ። «ከድር፣ ለእኛ ብለህ ሳይሆን አንተ ራስህ ምን ትፈልጋለህ?» አሉት። ቆሎ አወጡ። በጣም ረጅም ጊዜ ሆነ።

«በሬዎቼን» አለ ከድር።

እሱን ማንኛችንም ልንሰጠው አንችልም ነበር። እንደ አዲስ እንጀምራለን ብለን ወጣን። ሳንመለስ ግን ዘሐራ ዘመዶቿ ወዳሉበት ሩቅ አገር ቤተሰቡን ይዛ ሄደች። የተወችው ስልክ አይሠራም። እስካሁን የት እንዳሉ አላውቅም፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ያን ቀን ከመጠለያው ስንመለስ ጋሽ ደምሴ ቆሎ አልበሉም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ብቻ «ጨዋነቱን ነው ለውጥ ብለን የጻፍነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ዓረፍተ ነገር የከበደኝ የለም።

ከዚያ ወደ አንኮበር ተመደብን። ጌታሁንን ያገኘሁት እዚያ ነው።

የጌታሁን ቤት ከጎረቤላ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ቆላው ገደሉ ሥር ተዘርግቶ የሚታይበት ተዳፋት ላይ ነው፤ ጭጋግ ከሌለ ማለቴ ነው። አባቱ የበግ ጠጉር ባና ሸማኔ ነበሩ፣ ሞተዋል። ጌታሁንም እስኪታመም ከአባቱ ጋር ይሸምን ነበር። አሁን ወደ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ተጠግቷል፤ ከምድጃው ጎን መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ይውላል። እናቱ እማማ ጥሩነሽ ጸበልም ወስደውታል፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይሰጡታል። ጋሽ ደምሴን «ዶክተር» ነበር የሚሏቸው። ነርስ ነኝ ብለው ቢነግሯቸው፣ ቢነግሯቸው አልሆነም፤ ተዉት።

መጀመሪያ የገባን ቀን ምሳ ሰዓት ነበር። እማማ ጥሩነሽ እንጀራውን በሽሮ እየጠቀለሉ ልጃቸውን አፉ ውስጥ ያጎርሱታል። አንድ ሁለት ጉርሻ መስሎኝ ዝም አልኩ። ምሳው እስኪያልቅ ቀጠሉ።

«በራሱ አይበላም?» አልኩ።

«በእኔ እጅ ነው የሚበላው።»

«እጁን ያመዋል እንዴ?»

«እጁማ ደህና ነው። ምነው ልጄ፣ እናት ስታጎርስ አይተሽ አታውቂም?»

ምን ይባላል? ማጉረስ ነውር ነው አይባልም። እኔ ጋሽ ደምሴን አየሁ፣ ጋሽ ደምሴ ቆሏቸውን አዩ።

እየተመላለስን ተቀመጥን። መቀመጥ ብቻ። ከከድር በኋላ ጋሽ ደምሴ ሥራ መስጠት ትተዋል፤ የሚፈልጉት ጌታሁን ራሱ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ነበር። እኔ ልሞት ደርሻለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሽመና ዕቃ አያለሁ፣ ደጅ ያሉትን በጎች አያለሁ፣ እግሬ ይወዛወዛል። እማማ ጥሩነሽ ጨዋታ እያወሩን በእንዝርት የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እጃቸው ሥራ አይፈታም፣ ፈትሉን ለጎረቤት ሸማኔ ይሸጣሉ።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ «ጌታሁን፣ ከድሮው ሥራህ የሚናፍቅህ አለ?» ብለው ጠየቁት። ቆሎ። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ደገሙ። እኔ ጥያቄውን ረስቼ ስለ ሚኒባሱ ሰዓት ማሰብ ጀምሬያለሁ።

«ቀጥኗል» አለ ጌታሁን።

ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምኑ ነው የኔ ጌታ?» አሉ እናቱ።

እንደገና ጠበቅን። ጌታሁን ዓይኑ እንዝርቱ ላይ ነው። «ማጉ። አንድ ቦታ ቀጥኗል፣ አንድ ቦታ ወፍሯል። እንዲህ አልነበረም።»

እማማ ጥሩነሽ ፈትሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። «የት አይቼው ብለህ። ዓይኔ ጭጋግ ሆኖብኛል። የአንኮበር ጭጋግ መስሎኝ ስጠብቅ ነበር፤ የአገሩ ሲገፈፍ የእኔ አልገፈፍ አለ።»

ጎረቤት አላወቀም፣ ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው አላወቀችም፣ እኛም ስንመላለስ ከርመን አላወቅንም። ምንም አያይም፣ ምንም አይሰማውም የተባለው ሰው ነው የእናቱን ዓይን መድከም ከፈትሉ ላይ ያነበበው። ጋሽ ደምሴ በዝግታ «አንተ አየኸው» አሉት። ጌታሁን ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። የዓይን ሞራ ነው፣ ደብረ ብርሃን ሄደው በቀዶ ጥገና ይነሳል ተባለ፤ ተራም ተያዘላቸው። እማማ ጥሩነሽ እምቢ አሉ።

«ቀናት ላድር? ማን ያጎርሰዋል?»

«ጎረቤትዎ አስካለ ምግብ ታቀርብለታለች» አልኩ።

«ማቅረብማ ታቀርባለች። አይነካውም። ዓይኔ በርቶ ከስቶ ላየው ነው?»

ጉዳዩ ይኸው ሆነ። ተራው ሳያልፍ ጌታሁን በእጁ ካልበላ እናቱ ዓይናቸው ይጠፋል።

ጋሽ ደምሴ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ሳይሆን መዳፉ ላይ እንዲያኖሩለት ጠየቁ። እማማ ጥሩነሽ ተቆጡ። «በመዳፉ? ልጄ ለማኝ ነው?» ጋሽ ደምሴ ልክ ነዎት አሉ። ከዚያ ጠቅልለው ፊቱ፣ ትሪው ጠርዝ ላይ እንዲያኖሩለት ተስማሙ። አኖሩለት። እኛ እስክንወጣ አልነካውም። በሚቀጥለው ስንመጣ እንዴት ሆነ አልናቸው።

«ስትወጡ አጎረስኩት» አሉ ሳይደብቁ። «ምን ላድርግ፣ አንጀቴ ነው።»

እኔ መታገሥ አልቻልኩም። «እማማ፣ እርስዎ ሲሞቱስ?»

ጋሽ ደምሴ አልገሠጹኝም። እማማ ጥሩነሽ ቆይተው «አንቺ ልጅ አፍሽ ምላጭ ነው» አሉ። ደግሞ ቆይተው፣ «እሱን እኮ ነው ዘወትር የማስበው። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም እንጂ።»

ያን ቀን ጋሽ ደምሴ ስለ ጌታሁን እጅ ማውራት አቆሙ። «እማማ፣ ትሪው ላይ ወጡ የት ጋ እንዳለ ይታይዎታል?» አሏቸው።

«ጥላ ጥላ ይለኛል።»

«እንግዲያው ልጅዎን ይጠይቁት። እሱ ያያል።»

እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ትሪው ላይ ዘረጉ። «ጌትሽ፣ ሽሮው የት ጋ ነው?» እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ ጣታቸው ባዶ እንጀራ ይዳስሳል። ጠበቅን። እኔ ቆሎዬን ጨርሼ ጣቴን መንከስ ጀምሬያለሁ። ጌታሁን እጁን ከጋቢው ውስጥ አወጣ፣ የእናቱን አንጓ ያዘ፣ ወደ ወጡ አመጣው።

ከዚያ በኋላ በየምሳው ይመራቸው ጀመር። ውሎ አድሮ መምራቱን ትቶ እንጀራውን ቆርሶ፣ ወጥ አስነክቶ በእጃቸው ያስይዛቸዋል። እሱ በራሱ ይበላ ነበር ማለት አልችልም፤ አንዳንዴ ጣቱ ላይ የቀረውን ይልሳል፣ አንዳንዴ አንድ ይጎርሳል። ለእኛ ብሎ እንዳልሆነ ግን እናውቃለን። አስካለን በመስኮት እንድታይልን ለምነናት ነበር፤ እኛ በሌለንበትም ያደርገዋል። ጎን ለጎን ደግሞ ፈትል ማጠንጠን ጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ ቀሰም፣ ያውም ግማሹን።

እማማ ጥሩነሽ በመጨረሻ ሄዱ። ጋሽ ደምሴ ይዘዋቸው በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወረዱ፤ እኔ ጎረቤላ ቀረሁ።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ አስካለ አቀረበችና ወጣች። ጌታሁን አላየውም። ሽሮው በረደ። የሚመራው የእናቱ እጅ የለም እኮ፣ ይሄን እንዴት አላሰብነውም አልኩ። ለማጉረስ እጄ ተነሳ። ደጅ ወጥቼ ደወልኩ።

«አይበላም፣ ጋሽ ደምሴ።»

«አንቺስ በልተሻል?»

«ስለ እኔ ምን አስጨነቀዎት?»

«ግቢና ብዪ።»

ገብቼ በላሁ፣ ከትሪው ከእኔ በኩል። ከዚያ የእማማን እንዝርት አነሳሁና መፍተል ጀመርኩ፤ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። ፈትሌ ፈትል አይባልም፣ የአህያ ገመድ ነው። ስለ ምንም አላወራሁም። ደጅ ዝናብ መጣ፣ አቆመ።

«ወፍሯል» አለ ጌታሁን።

«እንዴት ላድርገው?» አልኩና ቆሎ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ቀስ ብዬ አላመጥኩ። ጌታሁን ጠጉሩን ከእጄ ወሰደ፣ ሳሳ አድርጎ ዘረጋው፣ መለሰልኝ። ፈተልኩ፤ ያው ገመድ። እንደገና ወሰደው። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው፣ ጠጉሩን ሳይመልስልኝ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ወደ ትሪው ዞረ፣ ቆረሰ፣ ጎረሰ። ዓይኔን ፈትሉ ላይ ተክዬ ቀረሁ፤ ያየሁት እንደሆነ የሚያቆም መሰለኝ። ሲጨርስ ብቻ «ምሳህን በላህ» አልኩት።

«በርዷል» አለ።

እማማ ጥሩነሽ አንድ ዓይናቸው በርቶ ተመለሱ። ገና ከበሩ ሳያልፉ ጌታሁንን አገጩን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት። ይከሳል ብለው ፈርተው ነበር፤ አልከሳም። ብዙ አዩት።

«ውይ ልጄን፣ ሸብተሃል እንዴ?» አሉ።

«አዎ» አለ፤ ወዲያው ነው የመለሰው።

ዳነ አልልም። እንደዚያ ብሎ የሚጽፍ ሰው ይዋሻል። ከመደብ የማይነሳበት ቀን አሁንም አለ፣ ሲስቅም አላየሁትም። ግን የአባቱን የሽመና ዕቃ ከግድግዳው አወረደ፤ ባና ይሠራል፣ በዝግታ፣ አንዱን በብዙ ወራት። እናቱ ፈትላቸው አሁን ደህና ሆኗል፤ እሱ ግን አልፎ አልፎ ያርማቸዋል፣ ይጨቃጨቃሉ። ያን ጭቅጭቅ ስሰማ ደስ ይለኛል። ብዙ ቤት ገብተን ወጥተናል፣ በአንዳንዱ ተሳክቶልናል፣ በአንዳንዱ አልተሳካልንም። በጥቅሉ ጥሩ ሥራ ነበር። ባጃጅም ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ይሄዳል።

ሽኝቱ የጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። አቶ መኮንን ማይክ ይዘዋል። ጋሽ ደምሴ ፊት ለፊት ሆነው ሰው ይስማቸዋል፣ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። ጌታሁን ከእናቱ ጋር ከአንኮበር በሚኒባስ መጥቶ ከእኔ ጎን ተቀምጧል፣ ሳህኑን ይዞ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሬን ተናግሬ እንደተቀመጥኩ አቶ መኮንን ወደ እሱ መጡ።

«ጌታሁን፣ አንተስ ስለ ጋሽ ደምሴ የምትለን ነገር አለ?» ማይኩን አፉ ስር ደቀኑት።

ጌታሁን ዝም አለ። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ፣ አንድ ሁለቱ አጨበጨቡ። አቶ መኮንን «እንግዲህ...» ብለው ማይኩን ሊመልሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አደረግሁ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ያላምጡት።»

ግራ ገብቷቸው ጎረሱ። ሰዉ ሁሉ አለቃ ሲያላምጥ አየና ጠበቀ። ጋሽ ደምሴ ከፊት ሆነው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ የሚቸኩሉበት ነገር ያለ አይመስሉም።

ጌታሁን ዓይኑን ከእሳቸው ላይ አላነሳም።

«ጋሽ ደምሴ አልበሉም» አለ በማይኩ።

እውነትም አልበሉም ነበር። ከገባን ጀምሮ ሰው እየተቀበሉ፣ ሳህናቸው እንደቀረበ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ያስተዋለ የለም። ጌታሁን የራሱን ሳህን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ በሰዉ መካከል አልፎ ሄደ፣ የእሳቸውን ሳህን አንስቶ በእጃቸው አስያዛቸው። አጠገባቸው ተቀመጠና እስኪበሉ ጠበቀ።